የካቻቢቴ ኩርኩም

ልብስ ሰፊዋ የባሏን ሻንጣ ሐሙስ ዕለት አዘጋጅታ ጨረሰች። ስድስት ካናቴራ፣ ቀበቶ ማሰር ስለማይችል ወገባቸውን በላስቲክ የቀየረችላቸው አራት ሱሪዎች፣ መድኃኒቱ፣ ፎጣው። ቅዳሜ ጠዋት ታናሽ ወንድሙ መጥቶ ይወስደዋል። የወንድምየው ቤት ሰፊ ነው፣ ደረጃ የለውም፣ ለቀንም ለሌሊትም የሚያስታምም ሰው ቀጥሯል። የሚሄዱት በባልና ሚስቱ መኪና ነው፤ እሱው ይነዳታል። ሰፊዋ እሺ ብላለች። እሺ ስትል ምንም አልተሰማትም፤ ሻንጣውን ስትዘጋም ምንም አልተሰማትም።

ባሏ ሠላሳ ዓመት መካኒክ ነበር። የኋላ ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ ካቻቢቴ ስለሚሰካ ሰፈሩ በሙሉ ስሙን ትቶ ካቻቢቴ ይለዋል፤ ሶፋቸው ላይ ያለው ቀዳዳም ለዚህ ምስክር ነው። ወሬ ወዳድ፣ ቀልዱ የማያልቅበት ሰው ነበር። ጋራዥ ውስጥ አብሮት የሚሠራ ሰው ሲሳሳት አይሳደብም፤ ጣቱን አጥፎ አናቱን ኳ ያደርገዋል። ኩርኩም የቀመሰ ሰው ያንኑ ስህተት ሁለተኛ አይደግምም ባይ ነው። ከስምንት ወር በፊት ስትሮክ መታውና ቀኝ ጎኑም አንደበቱም አብረው ሄዱ። ሐኪሙ በቀጠሮው ቁጥር «እስቲ እጅዎን ያንሱ» ይለዋል፤ አያነሳም። «እኚህ ማን ናቸው?» ይለዋል ወደ እሷ እያሳየ፤ ግድግዳውን ያያል። በመጨረሻ ሐኪሙ «ይሰማሉ፤ የሚገባቸው ግን አይመስለኝም» አላት። ጨዋ ሰው ነው፤ ይህን ሲነግራት ብዕሩን አስቀምጦ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እሷም ደነዘዘች። ጎረቤት «አይዞሽ» ሲላት ሌላ ሰው ያናገረ ይመስላታል። ወንድምየው የተናገረውም ልክ መስሎ ታያት። «እትዬ፣ እሱ እንደሆነ የትም ቢቀመጥ ለሱ አንድ ነው። አንቺ ግን ሰው ነሽ፣ ነገ ትወድቂያለሽ» ነበር ያላት።

የቀረችው መኪናዋ ነበረች። የፊት ፍሬኗ ነክሶ እየያዘ ጎማዋ ይግላል፣ ይሸታል። በዚህች መኪና ባሏን አሳፍራ ልትልከው አልቻለችም። የባሏ የሥራ ጓደኞች አንድ ስልክ ቢደወልላቸው እየሮጡ ይመጡ ነበር፤ ነገር ግን አይዞሽ ይዘው ነው የሚመጡት። ደግሞስ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በየእሁዱ ቁልፍ ስታቀብለውና ፔዳል ስትረግጥለት የኖረች ሴት ናት። ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ በሁለት በኩል ጨምቆ የሚያቆመውን ብረት፣ ካሊፐር የሚሉትን፣ የቀኙንና የግራውን ገዛች። የፍሬን ሸራና ዘይትም ጨመረች። ዓርብ ጠዋት ግቢ ውስጥ መኪናዋን በክሪክ አንስታ ከሥር በግንድ ደገፈች፣ ሁለቱንም የፊት ጎማ አወለቀች።

ባሏን ፀሐይ ይሙቅ ብላ አጠገቧ ወንበር ላይ አስቀምጠዋለች። አንዱን ካሊፐር አስራ ወደ ሌላኛው ስትዞር «ኧ… ኧ…» ማለት ጀመረ። ውሃ የጠማው መሰላትና ሰጠችው፤ በደህናው እጁ መትቶ ደፋው። ፀሐዩ የከበደው መሰላትና ወንበሩን አዞረችው። ይባስ ብሎ የወንበሩን እጀታ ይደበድብ ገባ።

«እሺ የኔ ጌታ፣ አሁን እጨርሳለሁ» አለችው፣ ለደንበኛ ቀጠሮ በምትሰጥበት ድምፅ። ሥራዋንም ቀጠለች።

ስትጨርስ ገብታ ፔዳሉን ረገጠችው። የረጠበ ስፖንጅ የረገጠች ያህል እግሯ እስከ ወለሉ ዘለቀ። ይህ አልገረማትም። ቱቦ ሲፈታ አየር ይገባል፣ አየር የገባበት ፍሬን አይይዝም፣ ስለዚህ አየሩን ማስወጣት ነው። ችግሩ ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል፤ ሌላው ጎማው ጋ ሆኖ የአየር መውጫዋን ብሎን ይከፍትና ይዘጋል። ብሎኗ ሳትዘጋ ፔዳሉ ከተለቀቀ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል። አንድ እጅ አያጨበጭብም። እስከ ዛሬ የምትረግጠው እሷ፣ የሚከፍተው እሱ ነበር።

ዙሪያዋን አየች። ግቢው ውስጥ ያለው ሰው አንድ ነው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል አለችና ባሏን ደግፋ አነሳችው፤ እንደምንም ሹፌር ወንበር ላይ አስቀምጣ ደህናውን ግራ እግሩን ፔዳሉ ላይ አደረገችለት። ተስፋ አድርጋ አልነበረም። ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው።

«ርገጥ!» አለች ከጎማው ሥር።

ፔዳሉ ሦስት ጊዜ ተመታ፤ አራተኛው ላይ ተያዘ። እሷ ያለችው ርገጥ ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ መትቶ መያዝ የሱ የገዛ ራሱ አሠራር ነው፣ ያስተማራትም እሱ ነው። ብሎኗን ከፈተች፣ ዘይቱ ወደ ጠርሙሱ ወረደ፣ ዘጋች። «ልቀቅ።» ለቀቀ። ለሐኪሙ እጁን የማያነሳ ሰው! ሰፊዋ ለአፍታ ቁልፉን እንደያዘች ቀረች። ከዚያ ለራሷ መልስ ሰጠች፤ የታረደ ዶሮም ይራገጣል። እግሩ ያውቀው ይሆናል እንጂ እሱ አያውቅም። እንዲህ ማሰቡ ይቀላት ነበር። ሻንጣው ተዘግቷል።

ቀኝና ግራውን ደጋገሙት። ጠርሙሱ ሞላ፣ አረፋ የሚባል አልወጣም፣ ፔዳሉ ያው ስፖንጅ ነው። ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ «ርገጥ» ስትል ፔዳሉ አልተረገጠም።

«ርገጥ እንጂ!»

በምትኩ የመኪናዋ በር ከውስጥ ተንኳኳ።

እጇን በጨርቅ እየጠረገች ሄደች። ባሏ በግራ እጁ ቀኝ እጇን ያዘና ግራ ትከሻዋ ላይ አስቀመጠው። ቀጥሎ ግራ እጇን አንስቶ ቀኝ ትከሻዋ ላይ አደረገው። እጆቿን ደረቷ ላይ እንዳጣመረች ፊቱ ቆመች፤ ነገሩ አልገባትም። ካቻቢቴ ጥቂት ጠበቃት። ከዚያ ጣቱን አጥፎ አናቷን ኳ አደረጋት።

ለዘብ ያለ አልነበረም። አመማት። ከስምንት ወር ወዲህ የምር የተሰማት የመጀመሪያው ነገር ያ ኩርኩም ነው።

ወደ ጎማው ተመልሳ ተንበረከከች። የአየር መውጫዋ ብሎን ከካሊፐሩ ታች ናት፣ ወደ መሬት ተዘቅዝቃ። በወዲያኛውም በኩል እንዲሁ። አየር ደግሞ ወደ ላይ ነው የሚወጣው፤ ዘይቱ በታች ሲፈስ አየሩ እላይ ተደላድሎ ተቀምጧል። የቀኙን በግራ፣ የግራውን በቀኝ ገጥማዋለች። በዕድሜዋ የቀኝ እጅጌ በግራ ሰፍታ የማታውቅ ሰፊ! እሱ ይህን ያየው ገና ጠዋት ነው፤ ውሃውን ሲደፋም፣ ወንበሩን ሲደበድብም ተሳስተሻል እያላት ነበር። ባለፉት ስምንት ወራት ስንቱን ነገር ውሃ ጠማው ብላ እንዳለፈችው ማሰብ ጀመረች። ይሄኛው ከኩርኩሙ ይበልጥ አመማት። እዚያው ጎማው ሥር ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ እሱም አልተጣደፈም፣ እስክትጨርስ ጠበቃት።

ካሊፐሮቹን ፈትታ በየቦታቸው ገጠመች። ርገጥ፣ ልቀቅ፣ ርገጥ፣ ልቀቅ። አረፋው እየተንፎለፎለ ወጣ፤ በመጨረሻ ፔዳሉ ግማሽ መንገድ ሳይሄድ ድንጋይ ሆኖ ቆመ። ከመኪናዋ ስታወርደው እጁን ወደ ኋላ ኪሱ ሰዶ ዳበሰ። ባዶ ነው። ከመሣሪያ ሳጥኑ ካቻቢቴውን አምጥታ ሰካችለት።

ቅዳሜ ጠዋት ወንድምየው በሰዓቱ መጣ። ባሏ ቤት ውስጥ ሶፋው ላይ ነበር። ወንድምየው አስቀድሞ መኪናዋን ግቢው ውስጥ ትንሽ ነዳትና ፍሬን ያዘ፤ ቀጥ አለች።

«ኧረ ጉድ ነው!» አለ እየወረደ። «ማን ሠራልሽ?»

«ወንድምህ።»

ሳቀ። እሷ አለመሳቋን ሲያይ ሳቁ ቀስ እያለ ከፊቱ ጠፋ።

«እትዬ… ሻንጣውስ?»

«ፈትቼዋለሁ» አለችው። «ግባና ሰላም በለው። ለሱ የትም አንድ ነው ብለህ የነገርከኝን እንዳትደግም እንጂ፤ ከደገምክ አናትህን ጠብቅ።»