ሳይቀረጹ የቀሩት ሦስት ሳምንታት

ዓለም ከተማ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ፎቶ ቤት ነበረኝ። ፎቶ ቤት ይባል እንጂ እንጀራዬ ቪዲዮ ነበር፤ በጥር ሠርግ፣ በሌላው ጊዜ ደግሞ የወረዳው ስብሰባና የተማሪዎች ምርቃት። ጊዜው ሚሊኒየሙ ካለፈ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። የምሠራበትን ኮምፒውተር የገጣጠምኩት ራሴ ነኝ። ሳጥኑንና ለሌሎቹ ክፍሎች ኃይል የሚያከፋፍለውን ፓወር ሰፕላይ ከተዘጋ ኢንተርኔት ቤት አገኘሁ፤ ምስሉን የሚያወጣውን ግራፊክስ ካርድ ግን አዲስ አበባ የኮምፒውተር ዕቃ ከሚሸጥ ወዳጄ አዲሱን ገዝቼ፣ የጀማን ቁልቁለት ጭኔ ላይ እንዳቀፍኩት ወረድኩ። አውቶቡሱ በተንገጫገጨ ቁጥር ከራሴ ይልቅ ለሱ ነበር የምሰጋው።

አባቴ የድጓ መምህር ነበሩ። የሚያስተምሩበት ደብር ከከተማው በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ልጃቸውም ተማሪያቸውም ስለነበርኩ እንደ ሌሎቹ የኔታ ነበር የምላቸው። ጾመ ድጓ ጀምሬ፣ ሦስተኛው ሳምንት ምኩራብ ላይ ስደርስ፣ ትቼ አስኳላ ገባሁ። አልተቆጡኝም። «ይቅናህ» አሉኝ፤ ከዚያ በኋላ ግን ስለ ዜማ አንድም ቀን አንስተውልኝ አያውቁም። ስንገናኝ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጤፉ፣ ስለ እናቴ ወገብ እናወራለን። አሥራ አምስት ዓመት እንዲህ አለፈ።

ተማሪያቸው እየሳሳ ሄዶ ጉባኤ ቤቱ ባዶ ሊሆን ሲቃረብ አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኳቸው።

«የኔታ፣ ድምፅዎን ልቅረጸው?»

«ድጓ በጆሮ ነው የሚያዝ፤ በሳጥን አይያዝም» አሉኝ።

መስቀል ካለፈ በኋላ ግን ሰው ላኩብኝ። «ካሜራህን ይዘህ ና፤ ከዘወረደ እንጀምር» ብለዋል። ዘወረደ የዐቢይ ጾም የመጀመሪያው ሳምንት ስም ነው። እስከ ሆሣዕና ስምንት ሳምንት አለ፤ እያንዳንዱ የራሱ ዜማ አለው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የአንድ የአንድ ሳምንት ዜማ ልንቀርጽ ተስማማን።

በየእሑዱ ታጥበው፣ ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ይጠብቁኛል። እናቴ ዶሮዎቹን ከደጅ ታባርራለች። ዘወረደን፣ ቅድስትን፣ ምኩራብን፣ መጻጉዕን፣ ደብረ ዘይትን ቀረጽን። ምኩራብን በሚሉበት ቀን ካሜራው ውስጥ እያየሁ ከንፈሬ አብሮ ሲንቀሳቀስ ያዝኩት። እሳቸውም አይተውኛል መሰለኝ፤ ያንኑ የዜማ ቤት ደግመው፣ ቀስ ብለው አዜሙት።

ካሴት የነበረኝ ሰባት ብቻ ነው። አምስቱ ተሞሉ። ሁለቱን ለጥር ሠርግ አስቀምጫለሁ። አምስቱን ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጬ፣ አስተካክዬ፣ ያኔ ባዶ የሚሆኑትን ይዤ ልመለስ ነበር ሐሳቤ። ኮምፒውተሩ የተበላሸው ያን ጊዜ ነው።

መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ ቀያይ ነጠብጣቦች ይወጣሉ። ቀጥሎ ምስሉ እንደ ተቀደደ ነጠላ ይተለተላል። ከዚያ ይጠቁራል። ማራገቢያው ግን ይዞራል። የአባቴ ድምፅ ከምስሉ በኋላ ትንሽ ይቆይና አንዲት ፊደል ላይ ታንቆ ይቀራል፤ መሰኪያውን እስክነቅለው ድረስ ያቺኑ ፊደል ይላል። ደብዳቤ ስጽፍበት ምንም አይለውም፤ ቪዲዮ ስከፍትበት ነው የሚወድቀው። ስለዚህ ጥፋቱን በግራፊክስ ካርዱ ላይ ጣልኩ።

ድራይቨሩን አጥፍቼ ከሲዲው እንደገና ጫንኩ። አንድ ቀን ሠርቶ ወደቀ። ዊንዶውሱን ሙሉ በሙሉ አጥፍቼ አዲስ ጫንኩ፤ ያው ነው። ሳጥኑን ከፍቼ አቧራውን በቀለም ብሩሽ ጠረግኩ፤ የካርዱን እግሮች በእርሳስ ላጲስ አሸሁ፤ ማራገቢያውን አውልቄ ዘይት ሰጠሁት። ራሞቹን አንድ በአንድ እየነቀልኩ ሞከርኩ። ጎረቤቴ ያለው ወፍጮ ሲነሣ መብራቱ ይደክማል ብዬ ስታብላይዘር ገዛሁ። ምን እንደ ቀየርኩና ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደ ወደቀ በደብተር እጽፍ ነበር። ደብተሩ ሲሞላ ሥራ የሠራሁ ይመስለኛል።

በገበያ ቀን አንዲት የሠፈራችን ሴት ብቅ አለች። «የኔታ ‹ገብር ኄርን መቼ ነው የምንለው?› ብለውሃል።» ገብር ኄር ከደብረ ዘይት ቀጥሎ ያለው ነው።

«ኮምፒውተሩ ታሟል፤ ሲሻለው እመጣለሁ በይልኝ» አልኳት።

በሁለተኛው ሳምንት ራሳቸው መጡ። በእግራቸው። የተከፈተው ሳጥን ፊት ተጎንብሼ ነበር። በርጩማ ሰጠኋቸው፤ ተቀምጠው ወደ ሳጥኑ አዩ።

«የሚቀርጸው ይኼ ነው?»

«አይደለም የኔታ፤ የሚቀርጸው ካሜራው ነው። ይኼ ከካሴቱ ተቀብሎ የሚያስቀምጠው ነው።»

«ካሜራውስ ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው።»

«እንግዲያ ምን ያግደናል?»

ካሴቶቹ መሙላታቸውን፣ ሳይገለበጡ ባዶ እንደማይሆኑ አስረዳኋቸው። መደርደሪያው ላይ፣ ፕላስቲካቸው ያልተቀደደውን ሁለቱን አዩ።

«እነዚያስ?»

«የሠርግ ናቸው የኔታ። ቀብድ ተቀብዬባቸዋለሁ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «መልካም። ቃል የገቡትን መጠበቅ ነው» አሉ። ቅሬታ አልነበረውም አነጋገራቸው። ሲናገሩ ድምፃቸው ሻክሮ ነበር፤ ጉሮሯቸውን በሁለት ጣታቸው ይዘው ጠረጉት። ብርድ መስሎኝ ሻይ አዘዝኩላቸው። ሻዩን ግማሹን ትተው ሄዱ።

ጥር ገብቶ ሁለቱ ሠርጎች ተቀረጹ፤ ኮምፒውተሩ ግን እንደ ታመመ ነው። በመጨረሻ ካርዱን ነቅዬ በፎጣ ጠቅልዬ አዲስ አበባ ወሰድኩት። ወዳጄ የራሱ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ቪዲዮ ሲያጫውትበት ዋለ። በማግሥቱም እንደዚያው። ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ነጠብጣብ አልወጣበትም።

«ካርድህ ጤነኛ ነው» አለኝ። «ፓወር ሰፕላዩን አይተኸዋል?»

«እሱ ምን ሆኖ? ማራገቢያው ይዞራል እኮ።»

«ማራገቢያ ማዞር ቀላል ነው። ቪዲዮ ሲመጣ ካርዱ ብዙ ኃይል ይጠይቃል፤ ያኛው መስጠት ያቅተዋል። ያኔ ይወድቃል።»

አዲስ ፓወር ሰፕላይ ገዝቼ ተመለስኩ። ቀይሬው ከጠዋት እስከ ማታ ሠራ፤ አልወደቀም። አሮጌውን ፈትቼ አየሁት። ውስጡ ያሉት ትናንሽ ጣሳ የሚመስሉ ዕቃዎች አናታቸው አብጦ፣ አንዱ ፈንድቶ ቡናማ ፈሳሽ አውጥቷል። አራት ብሎን ብፈታ በመጀመሪያው ቀን የማየው ነገር ነበር። ሁሉን ስፈታ እሱን ሳልነካ የቀረሁት የሚሠራ ስለመሰለኝ ነው።

በሁለት ቀን አምስቱን ካሴት ገለበጥኩ። በደብረ ዘይቱ መጨረሻ፣ ካሜራው መቅረጹን አላቆመም ኖሮ፣ አባቴ ጥምጥማቸውን እየፈቱ «ዛሬ ይብቃን፤ የቀረውን ስትመጣ» ሲሉ ይሰማል።

እሑድ ካሜራውንና ባዶ ካሴቶች ይዤ ሄድኩ። ጥምጥሙ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። አባቴ መደብ ላይ ተኝተዋል። አፋቸውን ከፍተው ስሜን ጠሩኝ፤ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። እናቴ «ሁለት ሳምንት ሆናቸው፤ ‹ሥራውን አታስፈቱት› ብለው ከልክለውን ነው» አለችኝ።

ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው፤ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ተጻፈልን። እዚያም ጉሮሯቸው ውስጥ እብጠት አለ፣ ቆይቷል አሉን። «ድምፃቸው ይመለሳል?» ብዬ ጠየቅኩ። ሐኪሙ ወረቀቱን እያየ «አሁን የምናስበው ስለ ድምፅ አይደለም» አለኝ።

ስንመለስ ፎቶ ቤቱ አሳረፍኳቸውና የተቀረጸውን አሳየኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት። መጻጉዕ ላይ እጃቸውን አነሡ፤ አቆምኩት። ጆሮዬን ወደ አፋቸው አስጠጋሁ።

«እዚህ ላይ ቸኩያለሁ» አሉ።

ሁሉም ሲያልቅ ይዘውት የመጡትን የጾመ ድጓ መጽሐፍ እንዳቀብላቸው ጠቆሙኝ። ገብር ኄርን ገለጡና ጣታቸውን የመጀመሪያው መስመር ላይ አሳረፉ። እንድለው ነው።

«አላውቀውም የኔታ። እዚህ አልደረስኩም።»

መዳፌን ያዙ። ከፊደሎቹ በላይ ያሉትን ምልክቶች በጣታቸው እየጠቆሙ፣ የሚረዝመውን መዳፌ ላይ እየሳቡ፣ የሚቆረጠውን እየመቱ፣ በትንፋሽ ብቻ ሊያስተምሩኝ ሞከሩ። ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ እንዲህ ተቀመጥን። እኔ እሞክራለሁ፤ እሳቸው አይደለም ለማለት ራሳቸውን ይወዘውዛሉ፤ እንደገና እሞክራለሁ። አንድ መስመር ያዝኩ፤ እሱንም ልክ ይሁን አይሁን እርግጠኛ አይደለሁም። በሦስተኛው ቀን መጽሐፉን ራሳቸው ዘጉትና እጄን ሳሙኝ። እኔ ነበርኩ መሳም የነበረብኝ።

ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት አረፉ። የቀረጽነውን ለደብሩ ሰጠሁ፤ ዲያቆናቱ እስከ ደብረ ዘይት በእሱ ያጠናሉ። በቦታቸው ከመንዝ በኩል ሌላ መምህር ተተኩ፤ ደግ ሰው ናቸው፤ የተማሩት ግን ሌላ ጉባኤ ቤት ነው፤ ዜማው ደግሞ እንደ ጉባኤ ቤቱ ትንሽ ትንሽ ይለያያል።

በዚያው ዓመት የገብር ኄር ዕለት ከእናቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። አዲሱ መምህር ዜማውን አነሡ፤ ካህናቱ ተቀበሏቸው። አንዱ ቦታ ላይ ድምፁ እኔ ከጠበቅኩት ቀድሞ ወረደ። ወይም እንደዚያ መሰለኝ። ስንወጣ እናቴ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«አባትህ እንዲህ ነበር የሚሉት?» አለችኝ።

«አላስታውስም» አልኳት።

«እኔም» አለች። ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣችና እጄን ያዘች፤ ወደ ቤት አዘገምን።