ሊማሊሞ ላይ ያቆማት ሴት

ባሌ መልከ ጼዴቅ ይባላል። ደባርቅ ውስጥ ምግብ አብሳዩን መልኬን የማያውቅ የለም፤ እንግዳ ወደ ተራራው ሲወጣ ድስትና ምድጃውን በበቅሎ አስጭኖ ይከተላል። በልጅነቱ ዳባት አካባቢ የቆሎ ተማሪ ነበር። ዳዊቱን በቃሉ ይወጣዋል፤ ገበያ ልኬው ግን ሁለት ነገር ብነግረው አንዱን ረስቶ ይመጣል። እኔ የትናየት ጌሾና ብቅል እሸጣለሁ። ቀናተኛ ናት ይሉኛል። ነኝ! ምን ይጠበስ?

ነገሩ የመጣው በክረምት ነው። ጉም ካምፕ ላይ ያገተው አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ መጫወቻ ካርታ አወጣና ሃምሳ ሁለቱንም አንዴ አይቶ፣ ፊታቸውን ደፍቶ በተራቸው ጠራቸው። መልኬ አፉን ከፍቶ ቀረ። አስተምረኝ ብሎ ለመነው። ዘዴው እንዲህ ነው፦ ለእያንዳንዷ ካርታ የሚያውቁትን አንድ ሰው መስጠት። ከዚያ ካርታዎቹ በወጡበት ተራ፣ ሰዎቹን ደህና አድርገው በሚያውቁት መንገድ ላይ አንድ በአንድ ማቆም። በኋላ በልብ መንገዱን ሲሄዱ ማን የት እንደቆመ ይታያል። መልኬ የመረጠው ጠመዝማዛውን የሊማሊሞን ቁልቁለት ነው። ድሮ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ስለተመላለሰበት መታጠፊያውን ሁሉ ያውቀዋል።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ካርታ ብቻ ሆነ። ይበውዛል፣ ያያል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሊማሊሞን ይወርዳል። አንድ ቀን ብቅል እየለቀምኩ ጠየቅኩት።

«እኔ የትኛዋ ነኝ?»

ዝም።

«ቀይ ልብ ያለባት ንግሥት ነኝ አይደል?»

«እሷስ… ሸጊቱ ናት» አለኝ።

በስመ አብ! ሸጊቱ ማለት ከሊማሊሞ በታች ዛሪማ ላይ ምግብ ቤት ያላት ሴት ናት። ከእኔ በፊት ዘመዶቹ ሊያጩለት ተነጋግረው ነበር፤ እሷ ሾፌር አግብታ ቀረች። «ፈረንጁ መጀመሪያ ፊቱ የመጣልህን ሰው አድርግ ስላለኝ ነው እኮ» አለ። ይኼ ማስተባበያ መሆኑ ነው! ይባስ ብሎ እኔ ከሃምሳ ሁለቱ አንዷ ላይ እንኳ የለሁም። የወፍጮ ቤቱ ክንዴ አለ፣ እኔ የለሁም።

ካርታው በተበወዘ ቁጥር ቦታዋ ይለዋወጣል፤ ዛሬ ከላይ፣ ነገ ከታች፤ ከሊማሊሞ ግን አትጠፋም። ባሌ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከሷ ጋር ይገናኛል። ለነፍስ አባታችን ለአባ ተክለ ማርያም ሄጄ አለቀስኩ። «አባቴ፣ ይገሥጹልኝ» አልኳቸው። ሰሙኝ ሰሙኝና «ለመሆኑ እኔንስ የትኛው ላይ አደረገኝ?» አሉኝ። የማንም እርዳታ እንደሌለኝ ያኔ ገባኝ።

«ወይ እሷን አውርደህ እኔን ተካ፣ ወይ ካርታውን እሳት ውስጥ እጨምረዋለሁ» አልኩት። «እሺ የትዬ፣ ተክቼሻለሁ» አለ።

በዚያው ሰሞን ተራራው ላይ ቡይት ራስ ያለ የአንድ ሎጅ ኃላፊ፣ ደምለው የሚባል፣ ጠራው። ምግብ ከማብሰሉ ሌላ እንግዶቹን በካርታው ካጫወተ በቋሚነት ሊቀጥረው፤ መጀመሪያ ግን እሑድ ከምሳ በኋላ ሊያየው ፈለገ። ቋሚ ሥራ ለኛ ቀልድ አይደለም፤ እንግዳ ሲጠፋ ሥራ ፈት ሆኖ ነው የሚከርመው። አብሬው ሄድኩ። እውነቱን ልናገርና የሄድኩት ለሥራው አይደለም፤ የኔ ካርታ ስትጠራ ፊቱን ላየው ነው።

ካርታዎቹን አንዴ አይቶ ለአንዲት ፈረንጅ ሰጣትና ዓይኑን ጨፈነ። እያከታተለ ጠራቸው። ሰው ሁሉ እየተንጫጫ ያጨበጭባል። ከግማሽ አለፈ። ከዚያ ቆመ።

ግንባሩን ላብ አጠመቀው። ደምለው ሰዓቱን አየ። እኔ ከሴትዮዋ ኋላ ነበርኩና እጇ ላይ ያለችውን ካርታ አየኋት። ቀይ ልብ ያለባት ንግሥት። እኔ ነኝ። ባሌ እኔን ረስቶ ተገትሯል።

ሸጊቱ ብትሆን ይረሳት ነበር? ይውደቅ፣ የራሱ ጉዳይ ብዬ ዝም አልኩ። ኋላ ግን ጣቱን እያጠፈ መታጠፊያዎቹን እንደገና ሲቆጥር አየሁ፤ አላስቻለኝም።

«ሸጊቱ!» ብዬ ጮህኩ።

«ቀይ ልብ ንግሥት!» አለ ወዲያው። ፈረንጆቹ ያበረታታሁት መስሏቸው ለኔም አጨበጨቡልኝ። የቀሩትን አንዲት ሳይስት ጨረሰ። ደምለው ጨበጠው፣ ሥራውም ሆነ።

ወደ ደባርቅ ስንወርድ እንዳኮረፍኩ ነበር። በመጨረሻ እሱው ጀመረ።

«የትዬ፣ ዘዴው ሰውየውን መሳቂያ ካላደረጉት አይዝም። አባ ተክለ ማርያም እንኳ ፍየል አዝለው ነው የሚቆሙት። ሸጊቱን አህያ ላይ ፊቷን ወደ ጭራው አዙሬ ነበር የማስቀምጣት። አንቺን ምን ላድርግሽ? አብሬያት የቆረብኳትን ሴት በልቤ እንኳ መሳቂያ ላድርጋት? ነጠላሽን እንዳጣፋሽ ዝም ብዬ አቆምኩሽ። ስመለስ የለሽም።»

ሌላ ሴት ብትሆን ይኼን ሰምታ አንገቱ ላይ ትጠመጠም ነበር። ለእኔ የታየኝ ግን ያቺ ሴትዮ ክረምቱን ሙሉ አህያ ላይ ሆና ባሌን ስታስቀው መክረሟ ነው።

«አውርዳት» አልኩት።

«ማንን?»

«ከአህያው አውርዳትና እኔን አስቀምጠኝ። ፊቴንም ወደ ጭራው አዙረው።»