ግደይ ሳያየው እንዳይሄድ

ሰቆጣ፣ ከጋሽ ወልዱ ወርክሾፕ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ብሩሽ የሚያስይዙኝ መስሎኝ ነበር። የሰጡኝ ግን ጨርቅና ሰም ነው።

"መጀመሪያ ፎርማ መወልወል ትለምጃለሽ። በደንብ ያልተወለወለ ፎርማ የያዘውን አይለቅም" አሉኝ። ሳምንቱን ሙሉ የውኃ ታንከር የሚወጣበትን ፎርማ ስወለውል ሰነበትኩ። ትከሻዬ ዝሎ በልቤ ስረግማቸው ነበር፤ ነፍሳቸውን ይማርና።

እንጀራችን ታንከርና የተሰበረ የባጃጅ ፊት ነበር። ልባችን ያለው ግን በሪሞት የሚመራው፣ ሞተር የሌለው ትንሽ አውሮፕላን ላይ ነው። ገላው ከፋይበር ግላስ ይሠራል። ፎርማው ግራና ቀኝ ሁለት ግማሽ ነው። ውስጡን ሰም እንቀባለን፣ የመስታወት ጨርቁን እናነጥፋለን፣ ሬዚን የሚባለውን ፈሳሽ ሙጫ ከማድረቂያው ጋር ቀላቅለን በብሩሽ እናጠጣዋለን። ከዚያ ሁለቱን ገጥመን በብሎን እናስራለን። የሬዚኑ ሽታ ልብስ አይለቅም። እናቴ ገና ከደጅ ሳልገባ መምጣቴን ታውቅ ነበር። ዛሬም ሲሸተኝ ደስ ይለኛል።

የአውሮፕላኑን ፎርማ የሠራው አብሮን የሚሠራ፣ ግደይ የሚባል የፃግብጂ ልጅ ነው። ቅርጹን ከዋንዛ ጠርቦ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ፣ ፎርማውን በላዩ እስኪያወጣ ክረምቱ አለፈ። እኛ አለቀ ስንል እሱ እንደገና ይፍቃል።

"አውሮፕላን ነው የምትሠራ ወይስ ሙሽራ?" ይሉት ነበር ጋሽ ወልዱ።

የመጀመሪያው ገላ ሳይወጣ የግደይ ጉዞ ደረሰ። ወንድሙ ወዳለበት ዓረብ አገር ሊሄድ ነው። "ሲበር ሳላየው መሄዴ ነው የሚቆጨኝ" አለን። ክንፉ አልቋል፣ የቀረው ገላው ብቻ ነው። ተጣደፍን። የፋብሪካው ሰም አልቆብን ስለነበር ከገበያ የማር ሰም ገዛን፤ ለጧፍ እንደሚደረገው አቅልጠን በነጠላ አጣራነው። ለጧፍ ይበቃል። ለፎርማ ግን አልበቃም፣ ማር ቀርቶበት ኖሯል።

ግደይ ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው ብሎኑን ፈታን። ፎርማው አልከፈት አለ። ሽብልቅ አስገባን፣ ውኃ አፈሰስንበት፤ ወይ ፍንክች።

"ገላውን ሰባብረን እናውጣውና ፎርማው ይትረፍ" አለ ግደይ። "እናንተ ሌላ ታወጡበታላችሁ።"

"አንተስ?" አሉት ጋሽ ወልዱ።

"እኔማ ነገ በወልዲያው አውቶቡስ ሂያጅ ነኝ።"

ጋሽ ወልዱ መጋዙን አነሱና ፎርማው ላይ አሳረፉት።

"ኧረ በሞቴ፣ ጋሼ፣ ይተዉት" አልኳቸው። ሌላ ፎርማ አልነበረንም፤ የዋንዛውም ቅርጽ ፎርማው ሲወጣ ተሰንጥቋል።

"ዝም በይና ያዢልኝ።"

ያዝኩላቸው። ግደይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የአንድ ክረምት ድካሙ ወለሉ ላይ ቁርጥራጭ ሆነ፤ ገላው ግን ደህና ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ክንፉን ገጥመን ከከተማው በላይ ካለው ሸንተረር ወጣን። ነፋሱ ከገደሉ ሽቅብ ይመጣል። ጋሽ ወልዱ ሪሞቱን ያዙ፣ ግደይ ወረወረው። መጀመሪያ ወደ ገደሉ ሲዘቀዝቅ ነፍሴ ወጣች። ከዚያ ነፋሱ ተቀበለው። እያየነው ገደሉ ላይ ከሚያንዣብቡት ጭልፊቶች በላይ ወጣ። ግደይ አንገቱ እስኪታመም አንጋጦ ቆመ፣ አለቀሰም። እኔም አልቀረሁም።

በነጋታው ሄደ። እኛ ከበረረው ገላ ላይ አዲስ ፎርማ አወጣን፤ እንደ ግደይ ሥራ የለሰለሰ አልሆነም፣ ግን እስከ ዛሬ እንሠራበታለን። ፎርማ እንደገና ይሠራል። የሚሄድ ሰው ግን ዓይኑን ይዞ ነው የሚሄደው፤ ሳያይ ከሄደ ቀረ።