ሾላ ውኃ የተነሣችበት ዓመት

አያ ሰጠኝ ደም አድራቂ ነበሩ። ከደባርቅ ቁልቁል እስከ ድብ ባሕር ሰው የተገዳደለ እንደሆነ፣ የሟችና የገዳይ ወገን እንዳይጨራረስ የሚላከው ለእሳቸው ነው። ሠላሳ ዓመት ሲያስታርቁ የአንዱን ወገን ብቻ ሰምተው ፈርደው አያውቁም። የሚመኩትም በዚህ ብቻ ነበር።

በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ የካቲት ላይ፣ ከሊማሊሞ ሥር ወዳለችው ትንሽ ከተማቸው ወደ ሾላ ውኃ መሬት የሚበሱ ሰዎች መጡ። የድንጋይ ከሰል ተገኘ ተባለ። ሰዎቹ መጀመሪያ ገበያው ዳር ቆፈሩ፤ ቀጥለው በየሰዉ ደጅ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ተከሉ። የሰጠኝ ባለቤት ይመኙሻል ከማድቤቷ ፊት የቆመውን ልትነቅል ስትታገል ሰጠኝ እጇን ያዙ።

«ተይው። የሚነቀለው እሱ አይደለም።»

ግንቦት ላይ የወረዳው ካድሬ ጓድ ስማቸው ሕዝቡን ሰበሰበ። ከተማዋ ትነሣለች፣ ሰዉ ከዳባት ማዶ ይሰፍራል፣ ሕዝቡም ኮሚቴ መርጦ «ይሳተፋል» አለ። ሰጠኝን ለሊቀ መንበርነት የጠቆመው ራሱ ነው። እጅ ወጣ።

«ልጄ፣ የምንሄድበት ምድር ሰው የለበትም?» አሉ ሰጠኝ።

«ጠፍ ነው።»

«ያገሩ ሰዎች ተጠይቀዋል?»

«ጓድ ሰጠኝ፣ ጠፍ ነው አልኩ!» ብሎ ሳቀ። አብሮት የሳቀ አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን በቅሏቸውን ጭነው ወጡ። ጠፍ የተባለው ምድር ሦስት ጊዜ ታርሶ ዘር ይጠብቃል። ከማሳው ራስ ላይ ጎረምሶች ተቀምጠው ጠመንጃ ይወለውላሉ። ያገሩ ሽማግሌ አያ ውዱ እንግዳቸውን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ አስቀመጡና፣

«ሰዎችዎን ይዘው የመጡ ዕለት ልጆቼ ይተኩሳሉ። በእርስዎ ቂም የለኝም፤ ግን ይተኩሳሉ» አሏቸው።

«እኛም አንመጣም፤ ያመጡናል እንጂ።»

ውለው ተነጋገሩ። የታረሰው እንዳይነካ፣ ሰፋሪው ከወንዙ ግርጌ ያለውን ግጦሽ እንዲይዝ፣ ምንጩ በተራ እንዲቀዳ፣ የተጣላም በሁለቱ ሽማግሌዎች እንዲዳኝ ተስማምተው በታቦቱ ማሉ።

ሰጠኝ ተመልሰው ይህንኑ በሕዝቡ ስብሰባ ላይ ተናገሩ። ካድሬው አልተቆጣም፤ በትሕትና አደመጠ። በማግስቱ ሁለት ሚሊሻዎች መጥተው «ለአንድ ጥያቄ ደባርቅ ይፈለጋሉ» አሏቸው። ይመኙሻል የአንድ ቀን ስንቅ ቋጠረችላቸው።

አራት ወር ታሰሩ። ጥያቄው እውነትም አንድ ብቻ ነበር፤ «ሕዝቡን አደራጅ ያለህ ማን ነው?»

«እናንተው መረጣችሁኝ» ይላሉ። ይመቷቸዋል።

መስከረም ላይ ሲፈቱ ሾላ ውኃ ጉድጓድ ሆናለች። ሰዉን ከታረሰው ማሳ መካከል አስፍረውታል። ሰዉን የጫኑት መኪኖች በመጡ ዕለት አያ ውዱ በማሳው ላይ ተኝተው «በእኔ ላይ ተራምዳችሁ ተኩሱ» ብለው ልጆቻቸውን እንዳገዱ ይመኙሻል ነገረቻቸው።

«እስከ መቼ ያግዷቸዋል?» አለች።

ሳምንት ሳይሞላ አንሙት የሚባል ሰፋሪ በምንጩ ተራ ተጣልቶ የውዱን ልጅ ክንድ በዱላ ሰበረ። ባላገሩ ጠመንጃውን፣ ሰፋሪው ምሳሩን ይዞ ወጣ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከመካከል ተቀመጡ። ረፋዱን የተጀመረው ነገር ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አለቀ፤ አንሙት ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ጠየቀ፣ ልጁም በደኅና እጁ አነሣው።

ሰዉ ገና ሳይበተን የካድሬው መኪና ደረሰ።

«ይህን ስብሰባ ማን ፈቀደ?»

አያ ውዱ ቀስ ብለው ተነሡና ከሰጠኝ ጎን ቆሙ።

ጓድ ስማቸው ወደ አያ ውዱ ዞረ። «የእርስዎስ ስም ማን ነው?» አለ፣ በትሕትና።