ለእኔ ተብሎ የተገፋ ቁጥር

ባለፈው ሳምንት ልጄን ላስከትብ ሲቀላ ሰፈር ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። መዝጋቢዋ ዕድሜዬን ጠየቀችኝ፤ ሃያ አምስት አልኳት። ታብሌቷን አየት አድርጋ ሳቀች።

«አንዱ ከአሥራ ስምንት እስከ ሃያ አምስት ይላል፤ ሌላው ከሃያ አምስት እስከ ሠላሳ አምስት። የቱ ጋ ላስገባሽ?»

«ደስ ያለሽ ጋ» አልኳት። ከማላውቀው ሰው ጋር ብዙ መነጋገር አልችልበትም። በባጃጅ ስመለስ ግን በረከት ትዝ አለኝና ፊቴን አጨማደድኩ።

በረከት በቀበሌያችን በላንቴ በነበረው የሙዝ መሰብሰቢያ የኮምፒውተር ሠራተኛ ነበር። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ እዚያው ሙዝ አጥብ ነበር። ራሱን «ኢንጂነር» ብሎ ያስጠራል፤ የማይከፍተው በር የሌለ ይመስል የቁልፍ መዓት ወገቡ ላይ አንጠልጥሎ ይንሿሿል። ሥራው ምን መሰላችሁ? የሙዙ ዘለላ ሚዛን ላይ ሲሰቀል ኪሎው ኮምፒውተሩ ላይ ይመጣል። ከሃያ እስከ ሠላሳ ሁለተኛ ደረጃ፣ ከሠላሳ በላይ አንደኛ። አንደኛው አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ሁለተኛው ለከተማው ጭማቂ ቤቶች ይሸጣል። ኢንጂነራችን የሚጠብቀው እነዚያን መነሻና መድረሻ ቁጥሮች ነበር። ለዚያ ነው ያ ሁሉ መንጠባረር።

በዚያ ዓመት ከአባያ ሐይቅ በኩል የመጣ ነፋስ የእኛን ሙዝ ጎድቶት ነበር። የአባቴ ዘለላዎች ኮስሰው፣ ሃያ ሰባት ሃያ ስምንት ኪሎ ቢመዝኑ ነው። በረከት ሚዛኑን አየና ዓይኑን ጠቀሰኝ።

«ዛሬ የአንቺ ቀን ነው፣ ቆንጆ።»

የአንደኛውን መነሻ ወደ ሃያ ሰባት አወረደ፤ የሁለተኛውንም መድረሻ እዚያው ላይ አቆመው። የእኛ ሙዝ አንደኛ ሆኖ መኪና ላይ ተጫነ። አባቴ ምንም አላወቀም፤ ዕድል የቀናው መስሎት ጋሪውን እየገፋ ሄደ። ወዲያው በረከት የአንደኛውን መነሻ ወደ ሠላሳ መለሰው።

ቀጥለው ተራ የያዙት ጎረቤታችን እማማ ብርቄ ነበሩ፤ ባላቸው ሞቶ ማሳውን ብቻቸውን የሚይዙ ሴት። ዘለላቸው ሃያ ዘጠኝ ኪሎ መጣ። ኮምፒውተሩ «ምድብ የለውም» አለ።

«ልጄ፣ የኮሰሰው ሄዶ የእኔ እንዴት ይቀራል?»

«እማማ፣ ኮምፒውተር አያዳላም» አላቸው፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያቸው። ምድብ የሌለው ሙዝ ለከብት ነው፤ ወደ ጥግ ተጣለ። ሌሎቹም ዘለላዎቻቸው እንደዚያው ሆኑ።

ከሄዱ በኋላ እየሳቀ ጆሮዬ ላይ አንሾካሾከ። «የሁለተኛውን መድረሻ መመለስ ረስቼ ነው። ሃያ ሰባት ላይ ቀርቷል። አሁን ካስተካከልኩት ይነቃብኛል፤ ነገ አስተካክለዋለሁ።»

ወደ ሙዝ እጥበቴ ተመለስኩ። ማታ ከበቆሎና ከጎመን የተሠራው ቁርቁፋ ቀርቦ ሳለ አባቴ ደስ ብሎት፣ «በረከት እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ሽማግሌ ልልክ ነው ብሏል። ምን ትያለሽ?» አለኝ። ያየሁትን ሁሉ እየተንተባተብኩ ነገርኩት። እጁን ከሳህኑ ሰበሰበ።

በእኛ በጋሞ የማሳ ድንበር የገፋ ሰው ጎሜ አለበት፤ ነውሩ ከእሱ አልፎ በቤተሰቡና በማሳው ላይ ይወርዳል። በሰው ፊት ተናግሮ ድንበሩን ካልመለሰ በስተቀር ከዚያ መሬት የወጣ አይበላም። አባቴ ጸሎተኛ ፕሮቴስታንት ነው፤ በዚህ ግን ከአያቶቹ አይለይም። በማግስቱ ከእኛ ማሳ ያሉትን ደህና ዘለላዎች ቆርጦ ለእማማ ብርቄ አደረሰ፤ ምክንያቱንም ነገራቸው።

እሁድ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ አባቴ እማማ ብርቄንም ጠርቶ አጠገባቸው አስቀመጠ። አብሯቸው የመጣው በረከት ከረባት አስሯል። አባቴ «ድንበር ገፍተህባቸዋል፤ በሰው ፊት ይቅርታ ጠይቃቸው» አለው።

«ኧረ አባባ፣ ቁጥር እኮ ነው!» አለ። «መሬት ነው እንዴ?»

«ሙዙስ ቁጥር ላይ ነው የበቀለው?» አለው አባቴ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «የሚያገባው አንቺን ነው። ተናገሪ።»

ያን ያህል ሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም። መሬት መሬት እያየሁ፣ «በእማማ ላይ ይስቅ ነበር። አላገባውም» አልኩ። ሽማግሌዎቹ ከዘራቸውን አነሱ። እሱ እስከ ደጅ ድረስ «ለእሷ ብዬ እኮ ነው!» እያለ ወጣ። እማማ ብርቄን ግን ይቅርታ አልጠየቀም።

አሁን አንድ ቢሮ ውስጥ ትልቅ ሰው ሆኗል ይሉኛል፤ ስለ ቅንነት ስልጠናም ይሰጣል አሉ። ይስጥ። ጓደኞቼ እስከ ዛሬ፣ «ወዶሽ ነበር እኮ፣ ምን አጠፋ?» ይሉኛል። እኔ ዓይን አፋር ስለሆንኩ መልስ አልሰጣቸውም። በልቤ ግን፣ የሌላ ሴት ላብ አንስቶ እጄ ላይ ያስቀመጠ ሰው ስጦታ ሰጠኝ አልልም፤ ሌብነቱ ውስጥ ሳይጠይቀኝ አስገባኝ እንጂ።