የእርግቧ እግርና ሰማያዊው ክር

የሠፈሩ ሰው ሁሉ ባለመቀሱ እያለ የሚጠራው ልብስ ሰፊ ጸጉሩ የሸበተው ፎቅ ላይ ባለችው ጠባብ ክፍሉ፣ መስኮት ሥር ተቀምጦ ሲሰፋ ነው። ሲመሽ ወለሉን ይጠርግና ቁርጥራጭ ክሩን በመስኮት ያራግፋል። ከሥር የጎረቤቱ የጫማ ሠሪው ቆርቆሮ ጣሪያ አለ። ነፋስ ይወስደዋል ብሎ ስለሚያስብ አጎንብሶ አይቶት አያውቅም።

አንድ ቀን ጠዋት አንዲት እርግብ መስኮቱ ላይ አርፋ መነሣት አቃታት። እግሯ አብጦ ጠቁሯል። አንጀቱን በላችውና በመሐረብ ጠቅልሎ አስገባት።

"አንተ ሰውዬ፣ በጤናህ ነው?" አለች ባለቤቱ። "ከተማው እርግብ በእርግብ ሆኗል! የሰው ልብስ አስቀምጠህ የወፍ ሐኪም ሆነህ አረፍከው?"

"እስቲ ዝም በይና መብራቱን አቅርቢልኝ።"

ጫማ ሠሪውም ወሬውን ሰምቶ ከታች ብቅ አለ። "ይህ ሰው እኮ ቀጥታ ገነት ነው የሚገባው! ምናለ የእኔን ሱሪ እንዲህ ተጠንቅቀህ ብትሰፋልኝ?"

ባለመቀሱ ሊስቅ አፉን ከፈተ። ስፌት በሚፈታበት ምላጭ እብጠቱን ገለጥ ሲያደርግ ግን ሥጋው ውስጥ የሰመጠ ሰማያዊ ክር አገኘ። የተማሪዎችን የደንብ ልብስ የሚሰፋበት ክር ነው፤ "ልጁ ያድጋል እንጂ ይህ አይበጠስም" እያለ ለወላጆች የሚያሞግሰው።

"ምነው ላብ አጠመቀህ?" አለችው ባለቤቱ።

"ምንም።"

ክሩን ፈታ፤ አንዲት ጣቷ ግን አብራ ወደቀች።

ከዚያን ቀን ወዲህ ጥራጊውን በመስኮት መጣል ተወ። ወደ ታች ማየት ግን ፈራ። እርግቧ ካርቶን ውስጥ ሆና ስታገግም፣ ደንበኛ ሁሉ "እንዴት ያለህ ርኅሩኅ ሰው ነህ!" ባለው ቁጥር አንገቱን ይደፋል። ባለቤቱ ሳትቀር ስንዴ እየበተነችላት "ያን ዕለት ክፉ ተናገርኩህ፣ ይቅር በለኝ" አለችው።

እርግቧ ስትድን መስኮቱን ከፍተው ለቀቋት። ሩቅ ትበራለች ሲሉ እዚያው ከታች የጫማ ሠሪው ጣሪያ ላይ አረፈች። ጣሪያው ዝናብ ባጣበቀው የዘመናት ክር ተሸፍኗል። በመካከሉ እርግቦች ይለቅማሉ፤ ገሚሶቹ ያነክሳሉ።

ባለቤቱ መጀመሪያ ክሩን፣ ቀጥላም እሱን አየች።

"ያንተ ነው?"

"የኔ ነው።"

ጓዳ ገብታ ባዶ ጆንያ አመጣችለት።

ጫማ ሠሪው መሰላሉን እያዋሰው "አንተ ደግ ሰው፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ልታድን ነው?" ሲል ቀለደ። ባለመቀሱ ጆንያውን ይዞ ጣሪያው ላይ ወጣ። ተንበረከከና እርግቧ የቆመችበትን ክር ከእግሯ ሥር ቀስ አድርጎ መሳብ ጀመረ።