እሜቴ ከሽማግሌዎች መካከል

ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ሳቅ አመለጠኝ። ሟች ጎረቤታችን ደግ ሰው ነበሩ፤ በእሳቸው ስቄ አይደለም። አንዲት ሴት የመጨረሻ ቀኖቻቸውን ስትተርክ ድንኳኑን የሞላው ሰው በአንድ ጊዜ ከንፈሩን መጠጠ። ያን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ዓይኔ ወደ ላይ ይሄዳል፤ አንዲት አረንጓዴ ወፍ ክንፏን እያማታች ዋጋዋን ልትቀበል የምትመጣ ይመስለኛል። አፌን በጋቢዬ ሸፍኜ የማለቅስ ለመምሰል ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ተነሥቼ ወጣሁ። ሰው ይህ ሽማግሌ ምን ነካው ቢል አልፈርድበትም፤ ነገሩን ጽፌ ብገላገል ይሻላል።

ጂንካ የተመደብኩት በሰባዎቹ መጀመሪያ፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደ ወጣሁ ነው። ያደግኩት መንዝ ብርድ ላይ ስለሆነ ከአርባ ምንጭ በጭነት መኪና ስወርድ ሙቀቱ ከበግ ቆዳ ላይ ያለ ጠጉር ሁሉ የሚያረግፍ መሰለኝ። ቀይ አፈር የምትባል መንደር ላይ መኪናው ሲቆም ፓፓያ ገዝቼ ከነፍሬዋ በላኋት፤ ሻጯ አፏን በእጇ ሸፍና ታየኝ ነበር። ጂንካ ግን ሌላ ነበረች፤ አረንጓዴ፣ ዝናብ የማይጠፋባት፣ ማታ ማታ የምትቀዘቅዝ። ከተማዋ መሐል የአውሮፕላን ሜዳ አለ። አውሮፕላን በማይመጣበት ቀን ላም ይግጥበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ የሞተር ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ ሁሉም ላሙንም ኳሱንም ይዞ ይሮጣል። እኔም ቆይቼ አብሬ መሮጥ ጀመርኩ።

ማርታ በዚያው ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ታስተምር ነበር። አባቷ አቶ ቶማስ የአሪ ገበሬ ናቸው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ በቆሎ፣ ጎደሬና እንሰት ያለበት ሰፊ ጓሮ ነበራቸው። ማርታን ወደድኳት። ይህን ለማድበስበስ ዕድሜዬ አይፈቅድልኝም። በቆሎው እሸት በሆነበት ወር አንድ ከሰዓት ጨርቅ የሸፈነችው ቅርጫት ይዛ መምህራን ክፍል ገባች። ውስጡ ፊቷ ቢጫ የሆነ በቀቀን ነበረች።

«ወጥመድ ይዟት ነው» አለችኝ። «አባዬ ካየ አንገቷን ነው የሚጠመዝዘው። አንተ ዘንድ ትቆይ?»

«እኔ ስለ ወፍ ምን አውቃለሁ?»

«ይዘህ ታያለሃ! ሳታርስ ሳታርም በቆሏችንን ስለምትበላ ስሟን እሜቴ ብያታለሁ።»

ድሮ ጭሰኛው ከደጋ የመጣውን ባለርስት ሚስት የሚጠራት እንዲህ ነበር። ሳቅኩ። ቀልዱ እኔንና የአገሬን ሰዎች ነካ እንደሚያደርግ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

እሜቴን ማስተማር የጀመርነው ለጨዋታ ነው። ትምህርት ሲያልቅ ሜዳው ዳር፣ ሣሩ ላይ እንቀመጣለን፤ እኔ ኪሴን ለውዝ ሞልቼ፣ ማርታ ጫማዋን አውልቃ። መጀመሪያ እኔ «ዙሪ! ዙሪ እንጂ!» እያልኩ ስጮህባት ወፊቱ ቅርጫቱ ሥር ተደበቀች።

«ትዕዛዝ አታብዛባት» አለች ማርታ። «ዝም ብለህ ጠብቅ። ራሷ ትንሽ ስትዞር ቶሎ ለውዟን ስጣት።»

«ስትሳሳትስ?»

«ምንም። እንዳላየ ሁን።»

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ግን እኔ እጄን ኪሴ ከትቼ ለውዝ እስካወጣ ወፊቱ መዞሯን ትታ ጭንቅላቷን ማከክ ትጀምራለች፤ ለውዙ የሚደርሳት ስታክ ነው። ዋጋው ለማከክ የተከፈለ መስሏት ሦስት ቀን ሙሉ ጭንቅላቷን ስታክ ዋለች። ማርታ ሣሩ ላይ እስክትንከባለል ሳቀች። ከዚያ መላ አመጣች፤ ልክ ስትዞር አንድ ድምፅ እናሰማታለን፣ ድምፁ «አገኘሽ፣ ለውዝሽ እየመጣ ነው» ማለት ይሆናል። ጭብጨባ ሞከርን፣ በረገገች። ፉጨት ሞከርን፣ የእረኞቹ ውሾች መጡብን። በመጨረሻ ማርታ ከንፈሯን መጠጠች፣ እሜቴም አንገቷን ቀና አድርጋ መጣች። ያን ያዝን። ከፈረንጅ አገር የመጣ ሰው ይህን ስሕተት ቢሠራ አይፈረድበትም ነበር፤ ሰው ባዘነ ቁጥር የሚያሰማውን ድምፅ ለወፍ ምልክት አድርገን ስንሰጥ ለሁለታችንም ትዝ አላለንም።

በሁለት ወር ውስጥ እሜቴ በትዕዛዝ ትዞራለች፣ ከደረት ኪሴ እስክሪብቶ መዝዛ ማርታ መዳፍ ላይ ታኖራለች። ከንፈር ከተመጠጠላት የትም ብትሆን በርራ ትመጣለች። እኛም በወፏ ሰበብ ከሰዓቱን ሁሉ አብረን እናሳልፋለን። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ደመወዜ ግማሹ ለለውዝ ቢሄድም ቅር አላለኝም።

ሽማግሌ ልላክ ስላት ግን ማርታ ፊቷ ጠቆረ። «የሃይማኖታችንን መለያየት ተነጋግረን እንፈታዋለን» አለች። «አባዬ ግን ለደገኛ ልጄን አልሰጥም ብሏል።» ልጅ ሳሉ አቶ ቶማስ አባታቸው በባለርስቱ በር ላይ ሲገረፉ አይተዋል፤ ጥፋታቸው የተሸከሙት እህል አንድ ቀን ዘግይቶ መድረሱ ነበር። መሬቱ ለአራሹ ሆኖ ባለርስቱ ከሄደ በኋላም ያን አልረሱትም። «አንዴ እምቢ ካለ አይመለስም። እሱ እምቢ ካለ ደግሞ እኔ ጥዬው አልሄድም። ይህን እወቅ።»

አወቅኩ። ግን ላክሁ። ሽማግሌዎቹ ዲሬክተራችንና የቤት አከራዬ ጋሽ ደምሴ ነበሩ። ጋሽ ደምሴ ከእኔ አገር የመጡ ባለሱቅ ናቸው፤ ሲናገሩ ይጣፍጣሉ፣ ትንሽም ይጨምራሉ። እኔ እንደ ወጉ ቤቴ መቀመጥ ነበረብኝ። አልቻልኩም። እሜቴ ብቻዋን ስትቀር እየጮኸች ሰፈር ስለምትበጠብጥ ትከሻዬ ላይ አስቀምጬ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ በአቶ ቶማስ ጓሮ ዞሬ እንሰቱ ውስጥ ተደበቅኩ። ሊያገባ ሽማግሌ የላከ መምህር በሰው እንሰት መሐል ቁጢጥ ብሎ!

በመስኮቱ ሁሉም ይታየኛል፣ ይሰማኛልም። ቤቱ በአክስቶችና በጎረቤት ተሞልቷል። ጋሽ ደምሴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ እኔ ያወራሉ። አባቴን በልጅነቴ ማጣቴ እውነት ነው፤ በሰው ደጅ ማደሬን፣ ጅብ ሊበላኝ መድረሱን የጨመሩት እሳቸው ናቸው። «…ይኸው ዛሬም ወገን የሌለው ብቸኛ» ብለው ሲጨርሱ ቤት ሙሉ ሰው በአንድ ላይ ከንፈሩን መጠጠ።

እሜቴ ከትከሻዬ ተነሣች። እጄን ዘረጋሁ፣ አልደረስኩባትም፤ በመስኮቱ ገባች። ውስጥ ጩኸት ሆነ። ማነው የጠራኝ የምትል መስላ ከራስ ራስ ላይ ዞረች፣ ዲሬክተሩ ጉልበት ላይ አርፋ አንዴ ተሽከረከረች፤ ለውዝ የሚሰጣት ስታጣ ከአቶ ቶማስ ኮት ኪስ እስክሪብቷቸውን መዝዛ በረረች። ማርታ በዚህ መሐል የተቀቀለ ጎደሬና ማር ይዛ ከጓዳ ብቅ ብላ ነበር። ወፏ እስክሪብቶውን መዳፏ ላይ አኖረችላት። ማርታም በልማድ ከንፈሯን መጠጠችና ጎደሬ ቆርሳ ሰጠቻት።

ማርታ ወፏን እንደምታውቃት ያልገባው ሰው አልነበረም።

«ይቺ ወፍ የማን ናት?» አሉ አቶ ቶማስ።

«የእኛ ናት፣ አባዬ።»

«የእናንተ? የማንና የማን?»

ከዚህ በኋላ መደበቅ ነውር ነበር። ጉልበቴ ጭቃ እንደ ያዘ በሩ ላይ ቆምኩ። «የእኔና የማርታ ናት፣ አባባ።» ዲሬክተሩ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

አቶ ቶማስ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «በቆሎ የምትበላዋ ናት?»

«አዎ።»

«ምን ትሏታላችሁ?»

ማርታ አንገቷን ደፍታ «እሜቴ» አለች። አክስቶቿ በሳቅ ፈነዱ፤ የአባቷም ከንፈር ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ወዲያው ግን ፊታቸው ተዘጋ።

«ወፍ ያለ ዱላ ይሄን አይማርም» አሉ። ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ዱላቸውን አነሡና ማርታ እጅ ላይ ካለችው ወፍ በላይ ከፍ አደረጉት። «አባዬ!» አለች ማርታ። የተመታ ፍጥረት ክንድ ሲነሣበት ምን እንደሚሆን እሳቸው ከማንም በላይ ያውቃሉ። ሊያዩ የፈለጉት ያንን ነበር።

እሜቴ ዱላውን በአንድ ዓይኗ አየችው። አንገቷን አዙራ በሌላኛው አየችው። ከዚያ ብድግ አለችና ጫፉ ላይ ወጥታ ተቀመጠች፣ አንዴ ዞረች፣ ዋጋዋንም መጠበቅ ጀመረች።

አቶ ቶማስ ዱላውን ከነወፏ ወደ ፊታቸው አወረዱት። «ይቺ ዱላ አታውቅም» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። ለአባታቸው ይሁን ለወፏ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ቀስ ብለው ከንፈራቸውን መጠጡ፤ እሜቴም ዱላውን ትታ እጃቸው ላይ ወረደች። ደንግጠው ወደ እኔ ዞሩ።

«አሁን ምን ልስጣት?» አሉኝ።

ከኪሴ ለውዝ አውጥቼ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩ። አበሏትና ማርታን «ጎደሬውን አቅርቢ፣ ሽማግሌዎቹ ይብሉ» አሏት። መልስ ሳያገኝ ሽማግሌ ምግብ አይቀምስም፤ ስለዚህ መልሱ ይኸው ነበር። አክስቶቿ እልል አሉ፤ ጋሽ ደምሴ ከማሩ እየጠቀሱ በንግግራቸው ያሳመኑ መስሏቸው ጢማቸውን ዳበሱ።

አንድ ነገር ግን የዚያን ቀን አልተናገርኩም። አራተኛ ክፍል ውስጥ፣ ከወንበሬ ጀርባ፣ የቀርከሃ አርጩሜ ነበረኝ። ተማሪዎቼ ክንዴ ሲነሣ እንዴት አንገታቸውን እንደሚቀብሩ አውቃለሁ፤ እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ አክብሮት ይመስለኝ ነበር። እሑድን በደስታና በእፍረት መካከል ዋልኩ። ሰኞ ጠዋት አርጩሜውን ሰብሬ ጣልኩትና ኪሴን ለውዝ ሞልቼ ክፍል ገባሁ። ልጆቹ እጄን አይተው ግራ ተጋቡ።

አቶ ቶማስ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ። ከማርታ ጋር አራት ልጆች አሳድገናል፣ ሠላሳ ስድስት ዓመትም አስተምሬያለሁ፤ ተናድጄ ክንዴ ሊነሣ ሲል ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥርሴን ነክሼ መልሼዋለሁ። እሳቸው ልጃቸውን የዳሩት ማንንም መትቶ ለማያውቅ ሰው ነበር። ያን ቀን ያ ሰው እኔ አልነበርኩም። እሱን ለመሆን ዕድሜዬን ሙሉ ሠርቻለሁ።